ጭቃ በአራት ጎማ

መኪናዋን የገዛኋት ከዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው፣ በስምንት ወር ዱቤ፣
ዱቄት ዱቄት እየሸተተች፣ በሯ እየተንገጫገጨ፣ ገና ሳይሞላ ልቤ።
መደርደሪያዋን ነቃቅዬ
መንኮራኩር ተከልኩ፣ የጋዝ እቶን አሰርኩ፣ ሁለት በርሜል ጭቃ ጫንኩ፤
«ኖልፋ፦ ሸክላ ከደጅዎ» ብዬ በጎኗ ላይ ጻፍኩ።
ከአንኩድ እስከ ኬዬን፣ ቺሎዌን ላዳርስ
ወጣሁ፣ ዝናቡ መስኮቴን ሲልስ።

የአጎቴ ልጅ ሮሳሊንዶ፣ የዓሣ እርባታው ሒሳብ ያዥ፣
ግንባሩን ቋጥሮ አለኝ፦ «አንቺ ልጅ፣
በዚህ ደሴት ሰው ጭቃን ከጫማው ያራግፋል፣
እጁን ለመንከር ማን ገንዘብ ይከፍላል?»
መልስ አልነበረኝም።

ዳልካዌ ገበያ፣ የመጀመሪያው እሑድ።
ሰው እንዳይሸሽ ፈርቼ
ዋጋዬን ከአንድ ጥብስ ድንች በታች አውርጄ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ
ቆምኩ። መጡ። እናት ልጇን፣ ልጅ አያቱን ይዞ፣
ሰልፉ እስከ ጀልባዎቹ፣ እስከ ባሕሩ ጠርዝ ተጉዞ።
ማታ ጋዙን፣ ናፍጣውን፣ የቦታውን ኪራይ ደምሬ ሳየው
እያንዳንዱን እንግዳ ለካ ያስተናገድኩት ከኪሴ ጨምሬ ነው።
ሰልፉ ሲረዝም ኪሴ አጠረ፤
በሚቀጥለው እሑድ ዋጋውን በእጥፍ ስጽፍ ጠመኔው በእጄ ተሰበረ።

እዚህ ዝናብ አይመጣም፤ ይኖራል፣
እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል።
የሠራሁት ሁሉ ሰኞ እርጥብ፣ ሐሙስ እርጥብ፣
የአቻኦ ልጆች ቀጠሮ ግን ከቀን ቀን ሲቀርብ
ሳይደርቅ ከተትኩት።
ሌሊት እቶኑ ውስጥ በቆሎ የሚፈነዳ መሰለኝ፤
ሠላሳ ሁለት ሳህን። ጠዋት ገል አቀበለኝ።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይላሉ። እኔ ግን
ገሉን በዳቦ ቅርጫት ይዤ ገባሁ ከክፍላቸው፣
«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቸኩዬ ነው» አልኳቸው።
ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር
ያስና የምትባል፣ አፍንጫዋ የሚፈስ፣
ተነሥታ መጣች፤ ገሉን አንድ በአንድ ስትዳብስ
የአውራ ጣቷን አሻራ አገኘች። «ይሄ የእኔ ነው» አለች፣
ኪሷ ከተተች።
ሌሎቹም ተነሡ። ቅርጫቴ ባዶ ወጣ።
ዳግም ሄጄ ሳህኖቹን በነጻ ሠራን፤ ናፍጣው ራሱ ዕዳ አመጣ፤
ይህን ግን ለሮሳሊንዶ አልነገርኩም።

በሐምሌ ሞተሯ ሞተ።
ኬምቺ ላይ ዶን ቴዎባልዶ፣ ዛጎል ለቃሚው ሽማግሌ፣
በጎባጣ ጣቱ ጎባጣ ኩባያ ሠርቶ ነበር፤
«በሳምንቱ ተኩሼ አመጣልዎታለሁ» ብዬው ነበር፣ በቃሌ።
ሳምንቱ አሥራ አንድ ሆነ።
ስደርስ ግድግዳው ላይ ምስማር አየሁ፣ ለኩባያው መስቀያ መትቶ፣
ምስማሩም ዝጓል፣ ባዶውን ቆይቶ።
አልተቆጣም። «ልጄ፣ ባሕሩም ይሄዳል» አለኝ፣
«ግን የሚመለስበትን ሰዓት ይነግረኛል። አንቺ አልነገርሽኝ።»

ያን ቀን ገባኝ፤
በጎማ ላይ ላለ ሱቅ አድራሻው ቀኑ ነው።
አሁን በጎኗ ላይ፣ ከስሜ በታች፣ ቀን ተጽፏል፤
ዝናብ ያጥበዋል፣ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ዝናብ ያጥበዋል።

ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይባላል።
የእኔ መሬት ግን አስቀድሞ በመንኮራኩር፣ ቀጥሎ በጎማ ይዞራል፤
ከቤትም ይገባል፣ ከሰው ቤት፣ በዛገ ምስማር ላይ ይውላል።

ታኅሣሥ ላይ ሮሳሊንዶ
ደረሰኞቼን በጫማ ካርቶን ተቀብሎ፣
ገቢና ወጪዬን ነጣጥሎ፣
«ትርፍሽ ይኸውልሽ» አለኝ፦ ሁለት የፊት ጎማ።
ሳቀ። ሳቅኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣
«ቅዳሜ የት ነሽ?»
ቾንቺ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር፣ አልኩት።
መጣ። እጅጌውን ሰበሰበ። መሃሉን መያዝ አቃተው፤
ጭቃው ሦስቴ ተናደበት፣
አራተኛው የሲጋራ አመድ ማራገፊያ ሆነለት፣
ባያጨስም።
ሙሉውን ከፈለ። ቅናሽ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላልኩትም፤ ይህን ተምሬያለሁ።

የኋላ ጎማዎቹ አርጅተዋል። እነሱን ለከርሞ እላለሁ።